ከቀለሙ በታች ያለው ድንጋይ

ፎስፎፊላይት የሚባል ድንጋይ አለ። በዲላ ገበያ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ወደ ፊትም ይሸጣል ብለን ለማንም ተስፋ አንሰጥም። ነገር ግን የብረት በርና መስኮት፣ የብረት አልጋ፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ብስክሌት፣ በጠቅላላው ቀለም የተቀባ ብረት የሚያስመጣም ሆነ የሚቸረችር ነጋዴ ሁሉ ይህን ድንጋይ ስሙን ሳይሰማ ይገዛዋል፣ ይሸጠዋልም፤ ወይም ደግሞ የገዛው እየመሰለው ሳይገዛው ይቀራል። ገንዘባችን የሚጠፋው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነውና፣ ስለ ድንጋዩ ጠባይና ስለሚገኝበት ስፍራ፣ ቀጥሎም ከንግዳችን ጋር ስላለው ግንኙነት ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ፎስፎፊላይት ከዚንክ፣ ከብረት፣ ከፎስፌትና ከውሃ የተዋሐደ ማዕድን ነው። ከዚህ ድንጋይ አንድ መቶ ኪሎ ቢኖረን 29 ኪሎ ያህሉ ዚንክ፣ 12 ኪሎ ያህሉ ብረት፣ 16 ኪሎ ያህሉ ደግሞ ውሃ ነው፤ የቀረው ፎስፎርና ኦክሲጅን ነው። ዚንክን ነጋዴው ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ያውቀዋል፤ ፎስፌትንም ገበሬው ከአፈር ማዳበሪያ ያውቀዋል። ውሃው ግን እንደ እርጥብ ቡና ውሃ በፀሐይ ተሰጥቶ የሚወጣ አይደለም፤ ከድንጋዩ አካል ጋር የተሣሠረ ስለ ሆነ በምድጃ ካልተጋገረ አይለቅም። መልኩ ከቀለም የለሽ አንሥቶ እስከ ሰማያዊ አረንጓዴ ይደርሳል፤ ጥሩው ዓይነት ጥርት ያለ የባሕር ውሃ ይመስላል፤ እንደ መስተዋትም ያበራል። ሲሰበር እንደ መጽሐፍ ገጽ በአንድ ወገን እየተገለጠ ይሰነጠቃል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ ፊሎን በግሪክኛ ቅጠል ማለት ነውና።

ጥንካሬው እጅግ አነስተኛ ነው። የድንጋይ ዐዋቂዎች ጥንካሬን ከ1 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ ይመድባሉ። አልማዝ 10 ነው፤ ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴ ዕንቁ ከ7 ተኩል እስከ 8 ይደርሳል፤ ፎስፎፊላይት ግን ከ3 እስከ 3 ተኩል ብቻ ነውና የኪስ ቢላዋ ይጭረዋል። ስለዚህ ለቀለበት የሚሆን ድንጋይ አይደለም። ጠራቢው ሊያስተካክለው ሲል ይሰነጠቅበታል፤ የተጠረበውም ዋጋው እጅግ ውድ ይሆናል፤ የሚገዙትም ማዕድን ሰብሳቢዎች ለማየት እንጂ ለመልበስ አይደለም። በጃፓን አገር ሐሩኮ ኢቺካዋ የተባለች ደራሲት እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመረችው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ዋናው ባለ ታሪክ በዚህ ድንጋይ ስም ተጠርቷል፤ እርሱም በትንሽ ነገር የሚሰበር ተደርጎ ተሥሏል። ከዚያ ወዲህ የንግዱ ሰው ያልሰማውን ስም ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ሳይሰሙት አልቀሩም።

ድንጋዩን በመጀመሪያ መርምረው ስም ያወጡለት ላውብማንና ሽታይንሜትስ የተባሉ ጀርመኖች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1920 ነው፤ የተገኘበትም ስፍራ በባቫሪያ የሚገኘው ሐገንዶርፍ ነው። ከሁሉ የበለጠ ውበት ያለው ግን የወጣው ከቦሊቪያ፣ በፖቶሲ ካለው ተራራ ነው። ይህ ተራራ ስፓኞች እ.ኤ.አ. ከ1545 ጀምሮ ብር ያወጡበት፣ ብዙ ሺህ ሰውም ያለቀበት ዝነኛ ተራራ ነው። ትልልቆቹና ጥርት ያሉት የፎስፎፊላይት ክሪስታሎች የተገኙት በዚያው ተራራ ኡኒፊካዳ በሚባለው ማዕድን ውስጥ ነው። ከአውስትራሊያና ከአሜሪካ አገርም ጥቂት ጥቂት ተገኝቷል። በአፍሪካ ደግሞ በዛምቢያ የሚገኘው የካብዌ ማዕድን በዚንክ ፎስፌት ዘመዶቹ ይታወቃል፤ ከእነዚህም አንደኛው ሆፔይት የሚባለው ነው። የሆፔይትን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አፈጣጠሩ ለነጋዴ እንኳ የሚገባ ነው። በሐገንዶርፍ ፔግማታይት በሚባለው ዓለት ውስጥ የዚንክ ማዕድንና የብረት ፎስፌት ጎን ለጎን ነበሩ፤ ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ የአንዱን ዚንክና የሌላውን ፎስፌት እያሟሟ አገናኛቸው፤ ብረቱም ተጨመረና በስንጥቁ ውስጥ እንደ በረዶ ጠጠር ረጋ። ሦስቱ በአንድ ስፍራ፣ በሚስማማቸው ውሃ ካልተገናኙ ድንጋዩ አይፈጠርም። ብርቅ የሆነውም ዚንክ፣ ብረት ወይም ፎስፌት ብርቅ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሦስቱ እንዲህ ባለ ሁኔታ መገናኘታቸው ነው ብርቁ።

የጌዴኦ ምድር ይህን ድንጋይ ያበቅላል ብለን እንድናስብ የሚያደርገን ነገር የለም። ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ያለው ደጋችን አብዛኛው በእሳተ ገሞራ ዓለት የተሸፈነ ነው፤ የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮችም የተጠረቡት ከዚሁ ዓይነት ዓለት ነው። እነዚህ ሐውልቶች ያሉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን አንባቢ ያስታውሳል። ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተሻግረን ጉጂ ስንደርስ ግን ምድሩ ይለወጣል፤ የአዶላ ወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ታንታላይት ይመረትበት የነበረው የቀንጢቻ ፔግማታይት፣ በቅርብ ዓመታትም ስሙ በዓለም ገበያ የተሰማው የሻኪሶ ኤመራልድ ሁሉ ከዚያ ጥንታዊ ዓለት የወጡ ናቸው።

ከዚያ አገር የሚመጣ አረንጓዴ ድንጋይ በዲላ በኩል ማለፉ ስለማይቀር ለዕንቁ ነጋዴው አንድ ምክር ጣል አድርገን እንለፍ። አረንጓዴ ሁሉ ኤመራልድ አይደለም፤ ጠርሙስም አረንጓዴ ነው። ድንጋይን በቢላዋ ጭሮ መፈተን ዕንቁውን ማበላሸት ነው፤ ይልቁንስ በሚዛን መፈተን ይቻላል። ድንጋዩን በደረቁ መዝኑት፤ ቀጥሎም በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ እንደ ተዘፈቀ መዝኑት፤ የደረቁን ክብደት በጎደለው ክብደት አካፍሉት። 27 ግራም የነበረው በውሃ ውስጥ 10 ግራም ቢጎድል ውጤቱ 2.7 ነው፤ ይህም የኤመራልድ ጠባይ ነው። 31 ግራም የነበረው 10 ግራም ቢጎድል 3.1 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ወደ ፎስፎፊላይትና ወደ ሌሎች ከበድ ወዳሉ ድንጋዮች ያመራል። ሚዛኑ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሆኖም የሐሰቱን ስም ቶሎ ያጋልጣል። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው በሩብ ሰዓት የሚፈጽመው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በፖቶሲ ተራራ ውስጥ ረጅም ዘመን የፈጀውን ሥራ የብረት ፋብሪካ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይፈጽመዋል። ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቅባቱና አቧራው በሳሙና መሰል ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም የዚንክ ፎስፌት በሟሟበት ለብ ያለ የአሲድ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ የብረቱን ፊት ጥቂት ይበላዋል፤ ከብረቱ የሟሟው ብረት በውሃው ውስጥ ካለው ዚንክና ፎስፌት ጋር ይገናኛል፤ እንደ ሐገንዶርፍ ዓለት ሦስቱ ተገናኙ ማለት ነው። ወዲያውም በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ክሪስታሎች የብረቱን ፊት ይሸፍኑታል። እነዚህ ክሪስታሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ቀደም ብለን ስሙን ያነሣነው፣ ብረት የሌለበት ሆፔይት ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ፎስፎፊላይት ነው። ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት ድንጋይ በዓለም ላይ በሚሠሩ በብዙ መኪናዎች ቆዳ ላይ ተዘርግቶ ሲኖር ማንም አላየውም።

ሽፋኑ እጅግ ስስ ነው። ቀለም ለሚቀባ ብረት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው 2 ወይም 3 ግራም ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያነሰ ነው። መልኩም እንደ ባሕር ውሃ የሚያምር አይደለም፤ አመድ የመሰለ ብርሃን የሌለው ግራጫ ነው። ታዲያ ይህች ስስ አመድ ምን ትጠቅማለች ቢባል፣ ሁለት ጥቅም አላት። መጀመሪያ ቀለሙ የሚጨብጠው ነገር ያገኛል፤ ለስላሳ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም በብርጭቆ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ነውና። ሁለተኛውና የሚበልጠው የሚታየው ቀለሙ በተጫረ ጊዜ ነው።

ብረት ሲዝግ በተጫረው ስፍራ ላይ ብረቱ ይሟሟል፤ ከዚያው አጠገብ ከቀለሙ ጠርዝ ሥር ደግሞ እንደ አመድ ውሃ የሚፋጅ አልካሊ ይፈጠራል። ይህ አልካሊ በቀለሙና በብረቱ መካከል እየገባ ቀለሙን ከሥሩ ይልጠዋል፤ አዲስ የተገለጠውም ብረት በተራው ይዝጋል። የጥፍር ያህል የነበረው ጭረት በአንድ ክረምት መዳፍ የሚያክለው ስለዚህ ነው። የፎስፌት ሽፋን ካለ ግን አልካሊው መንገዱን ይዘጋበታል። ከሁለቱም ክሪስታሎች ፎስፎፊላይት ከሆፔይት ይልቅ አልካሊውን ይቋቋማል፤ በውስጡ ያለው ብረት ያጸናዋልና። በዚህ ምክንያት የመኪና ፋብሪካዎች በሽፋናቸው ውስጥ ከሁለቱ የትኛው ምን ያህል እንደ ሆነ በመሣሪያ ይለካሉ፤ ብረቱንም ከመርጨት ይልቅ መንከር ፎስፎፊላይቱን እንደሚያበዛው ስለ ደረሱበት ብዙዎቹ ገንዳ ውስጥ ወደ መንከር ተመልሰዋል።

ይህ ጥበብ አዲስ ነገር አይደለም። ቶማስ ኮስሌት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ ውሃ ከዝገት ለመጠበቅ የባለቤትነት ፈቃድ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ በዚሁ ሥራ ላይ የቆመ የፓርከር ኩባንያ ተቋቋመ። እንግዲህ አንድ ፋብሪካ ዛሬ ብረቱን ሳያጥብና ሳይነክር ቀለም ቀብቶ ቢልክልን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀውን ነገር ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያልጠየቅነውን ወጪ ስለ ቀነሰ ነው። ሻጩን ብቻ መውቀስም አይገባም። እኛ ለጥያቄ ደብዳቤያችን የምንጽፈው መልኩን፣ ልኩንና ዋጋውን ነው፤ እርሱም የጠየቅነውን መልክ በጠየቅነው ዋጋ ይልክልናል።

የአገራችን አየር ደግሞ ለእንዲህ ያለ ብረት አይራራም። በጌዴኦ ሁለት የዝናብ ወራት አሉን፤ የበልጉ ሳይደርቅ የክረምቱ ይከተላል፤ ከእንሰቱና ከዛፉ ጥላ በታች ያለው ቤትም ፀሐይ ቶሎ አያገኝም። በቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ዙሪያ የበሰበሰው የቡና ገለፈትና አተላ የሚሰጠው ኮምጣጣ ውሃ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፤ ዘወትር ከዚህ ኮምጣጣ ውሃ ጋር የሚውል ዕቃ የማይዝግ ብረት ሊሆን ይገባዋል፤ ፎስፌትም ሆነ ቀለም አያድነውም። ነገራችን ስለ በሩ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ማከማቻው መደርደሪያ፣ ስለ ሚዛኑ እግር፣ ስለ አልጋውና ስለ ባጃጁ አካል ነው። እነዚህ በሁለተኛው ዓመት ቀለማቸው እያበጠ ሲረግፍ ገዢው ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ባለ ሱቁ አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ አስመጪውን ያመለክታል፤ አስመጪው ግን ባሕር ማዶ ላለው ሻጭ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ይህ ነው። ይርጋ ጨፌ ብለን የምንልከው ቡና ስንት ፈተና አልፎ እንደሚሄድ በዚህ ከተማ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ናሙናው ይወሰዳል፤ እርጥበቱ ይለካል፤ የተበላው፣ የተሰበረውና ጥቁሩ ፍሬ ይቆጠራል፤ ከዚያም ተቆልቶና ተፈልቶ ቀማሾች በማንኪያ እየቀመሱ ደረጃ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በዲላ ቡና የሚረከብበት መጋዘን አቁሟል። በውጭ ያለው ገዢ እንዲህ ያለውን ምርመራ ሲጠይቀን አልተቆጣንም፤ እንዲያውም ስማችን የተከበረበት ምክንያት ይኸው ነው። ታዲያ ቡናውን እየተፈተነ የሸጠ ሰው በቡናው ዶላር ብረት ሲገዛ በቀለሙ መብለጭለጭ ብቻ የሚገዛው ስለ ምን ነው? ሻጭ ስንሆን በማንኪያ ይቀመስብናል፤ ገዢ ስንሆን ግን በዓይን እናምናለን።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአገር ምንዛሪ ጉዳይም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለአንድ ዕቃ የምንከፍለው ብር ጨምሯል። በአምስተኛ ዓመቱ መለወጥ የሚገባው አልጋ በሁለተኛው ዓመት ከተለወጠ፣ ያው አንዱ ገበሬ ለአንድ አልጋ ሁለት ጊዜ እሸት ቡና ለቅሟል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። ገዢው የሚያየው ዋጋ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ኮንቴይነር የሚያዝ ሰው ለፋብሪካ ትእዛዝ ሊሰጥ አይችልም ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ገዢው ዋጋ የሚያየው ሌላ የሚያየው ነገር ስላላሳየነው ነው፤ የ28ና የ32 ጌጅ ቆርቆሮ ልዩነት ከተነገረው ወዲህ የትኛው ገበሬ ነው ጌጁን ሳይጠይቅ የሚገዛ? ለሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱ በእጃችን ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያስመጡ ሦስት አራት ነጋዴዎች ትእዛዛቸውን በአንድ ላይ ቢያቀርቡ ድምፃቸው ይሰማል፤ ምክር ቤት የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ስብስብ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ዋናው ጥንቃቄ ግን በባንኩ ወረቀት ላይ ነው። ኤል ሲ ብለን በምንጠራው የባንክ መተማመኛ ሥርዓት ባንኩ የሚመረምረው ሰነድ ነው፤ ሣጥን ከፍቶ ዕቃ አያይም። ሻጩ የተጠየቀውን ሰነድ ሁሉ አሟልቶ ካቀረበ ገንዘቡ ይከፈለዋል። ስለዚህ በስልክ የተነገረ፣ በፕሮፎርማው ጫፍ በእርሳስ የተጻፈ፣ ሻጩም በፈገግታ የተቀበለው ቃል ምንም ዋጋ የለውም። የፎስፌቱና የዝገት ፈተናው ማስረጃ በኤል ሲው ውስጥ ከሚቀርቡት ሰነዶች እንደ አንዱ ከተቆጠረ ግን ሻጩ ያለ እርሱ ገንዘቡን አያገኝም። ይህን አንድ መስመር ለመጨመር ባንኩ የሚጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚያስፈልገው አስመጪው ማመልከቻውን ሲሞላ ማስታወሱ ነው።

የሚጠየቀው ፈተናም በዓለም የታወቀ ነው። ናሙናው በቢላዋ እስከ ብረቱ ድረስ ይጫርና ከመቶ 5 እጅ ጨው ያለበት ጭጋግ በሚነፋበት፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ዝገቱ ከጭረቱ ምን ያህል ሚሊ ሜትር ወደ ጎን እንደ ሄደ ይለካል። በአገራችንም የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የዕቃ ምርመራ ስለሚያደርግ፣ ዕቃው ከመጣ በኋላ የሚነሣውን ክርክር በሦስተኛ ወገን ማስመርመር የሚቻልበት በር አለ።

ፎስፌት የተባለ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ነጋዴው ይወቅ። የብረት ፎስፌት የሚባል ርካሽ ዓይነት አለ፤ ሽፋኑ እጅግ የሳሳ፣ መልኩም ሰማያዊና ወርቃማ እያለ የሚለዋወጥ ነው። በደረቅ ክፍል ለሚቀመጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይበቃል፤ ዝናብ ለሚያየው በር ግን አይበቃም። በሌላው ወገን ደግሞ አንዳንድ ፋብሪካዎች ፎስፌትን ትተው በዚርኮኒየም ወደሚሠራ ስስ ሽፋን ተሻግረዋል፤ ይህም በጥሩ እጅ ከተሠራ የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ በትእዛዛችን ላይ ፎስፎፊላይት ካልሆነ አንቀበልም ብለን መገተር ሳይሆን፣ የዚንክ ፎስፌት ወይም በጨው ፈተና እኩል የሆነ ሌላ ብለን መጻፍ ይሻላል።

የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚነግዱ ሰዎች ይህ ሁሉ እኛን አይመለከትም ቢሉ በከፊል ልክ ናቸው። በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ ላይ የፎስፌት ውሃው ብረት ስለማያገኝ ሆፔይት እንጂ ፎስፎፊላይት አይረጋም። እዚያ የሚጠየቀው የዚንኩ ክብደት ነው። ዜድ 275 የሚል ምልክት ያለበት ቆርቆሮ በሁለቱ ፊቱ ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው፤ ይህም በአንድ ፊት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ሲቆጠር 19 ወይም 20 ያህል ውፍረት ነው። ጌጁ አንድ ሆኖ ዚንኩ የዚህ ሲሶ የሆነ ቆርቆሮም አለ። ጌጁን ብቻ የሚያስተዋውቅ ሻጭ የነገሩን ግማሽ ነግሮናል።

በከተማችን በርና መስኮት የሚበይዱት የእጅ ሙያተኞችም አይረሱ። ቱቦላሬው ከነፋብሪካ ዘይቱ፣ ላሜራው ከነዝገቱ ተበይዶ በላዩ ፀረ ዝገት ሲቀባ እናያለን። የመንከሪያ ገንዳ ይኑራቸው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ዘይቱን ማጠብ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ማንሣት፣ በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራውን ዝገት ማስለቀቂያ አብሶ በውሃ ማለቅለቅና ማድረቅ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ አይደለም። የቀለም አስመጪዎች ደግሞ በፀረ ዝገት ቀለም ውስጥ የዚንክ ፎስፌት ዱቄት ያለበትን ቢያመጡላቸው ይህ የድንጋያችን የቅርብ ዘመድ በብሩሽ ሊደርሳቸው ይችላል። ድሮ በዚህ ቦታ ይገባ የነበረው የእርሳስ ቀለም ለልጆች አእምሮ መርዝ መሆኑ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በአገራችን እንዲገደብ ተደርጓል፤ እንግዲህ ዚንክ ፎስፌቱን ማስመጣት ደንቡንም ገበያውንም የሚያስማማ ነው።

እስከዚያው ባለ ሱቁ በሱቁ ሊያደርገው የሚችለውን ፈተና እንንገረው። ከሁለት አቅራቢዎች ከመጣ አንድ ዓይነት ዕቃ ቁራጭ ይውሰድ፤ በስለታም ቢላዋ እስከ ብረቱ ድረስ መስቀል አድርጎ ይጫራቸው፤ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ጨው አሟሙቶ፣ ሁለቱንም በዚያ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቀ 10 ቀን ያቆያቸው። ከዚያም ጭረቱን በጥፍሩና በማጣበቂያ ወረቀት ይሞክረው። የአንዱ ቀለም በጭረቱ ዳር ቆሞ የሌላው እንደ ድንች ልጣጭ ከተነሣ የትኛውን ዳግመኛ እንደሚያዝ ማንም አይነግረውም። በቀለም ማስለቀቂያ ቀለሙን አንሥቶ ሥሩን ማየትም ይቻላል፤ ግራጫ አመድማ ፊት ከታየ ፎስፌቱ አለ ማለት ነው፤ ብረቱ ራቁቱን ሲያበራ ከታየ ግን ያ አስመጪ የገዛው ቀለሙን ብቻ ነው።

ለምክር ቤታችን የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የቀለምና የዚንክ ውፍረት የሚለካ አነስተኛ የእጅ መሣሪያ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ፤ አባላትም ናሙና እያመጡ ያስለኩ። ለአስመጪዎችም በኤል ሲ ማመልከቻ ላይ ገልብጠው የሚጽፉት ይህ ቃል ታትሞ ይሰጣቸው፤ «ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ታጥቦ የዚንክ ፎስፌት ሽፋን የተሰጠው መሆኑን፣ የሽፋኑንም ክብደት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደ ሆነ፣ በጨው ጭጋግ ፈተና ስንት ሰዓት ቆይቶ ዝገቱ ከጭረቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሄደ የሚገልጽ፣ ከሻጩ ውጭ በሆነ መርማሪ የተፈረመ የምስክር ወረቀት ከጭነት ሰነዱ ጋር ይቅረብ።»